ጠባቂ የሌለው ኬላ

አንድ አውሮፓ ደርሶ የመጣ ነጋዴ ነበር። ስሙ ሽበሺ ነው፤ ጨርቅ ይሸጣል፤ ሲያወራ እጁም እግሩም አብረውት ያወራሉ። ይህ ሰው ያለችውን አንዲት ልጅ ወንዝ ማዶ፣ ለሌላ ንጉሥ አገር ሰው ድሯት ነበር። ታዲያ ሁለቱ ነገሥታት በግጦሽ ተጣሉ፣ ሰው ሞተ፣ መሻገሪያው ላይም ኬላ ተተከለ። ልጅቱ ማዶ ሆና ወለደች። እልልታው ወንዙን ተሻግሮ ተሰማ፤ አያትየው ግን መሻገር አልቻለም። ቆሞ ሰማ፣ ዓይኑን ጠረገ፣ ተመለሰ።

ንጉሡ «ኬላው ይከፈት ወይስ እስከ ወዲያኛው ይዘጋ?» ብሎ ሸንጎ በጠራ ጊዜ ሽበሺ ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ። ንጉሡም ደም የተቃባ ሕዝብ በሩን ከፍቶ የኖረበት አገር ያየ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ሽበሺ ዘሎ ተነሣና ያየውን አወራ።

አያችሁ፣ አውሮፓ ሳለ ጨርቁን ተሸክሞ ካንዱ አገር ወደ ሌላው ሊሻገር አንድ ድልድይ አፍ ላይ ደርሶ ነበር። የኬላ ቤት አየ። እንግዲህ በኛ አገር ሳይፈተሹ ኬላ ማለፍ ማን ይደፍራል? ሸክሙን አወረደ፣ ፈታታው፣ ፓስፖርቱን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ሰው የለም። ፈታሹ ምሳ ሄዶ ይሆናል ብሎ ተቀመጠ። ብስክሌት ያልፋል፣ ሕፃን ያዘለ ያልፋል፣ ውሻ እንኳ ያልፋል፤ «ወዴት ነህ?» የሚል የለም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንዲት አሮጊት ቅርጫት አንጠልጥላ መጣችና ማንን እንደሚጠብቅ ጠየቀችው። ፈታሹን አላት። ሳቀች፤ ቅርጫቷን መሬት አስቀምጣ ሳቀች። ያ ቤት አይስክሬም መሸጫ ከሆነ ቆይቷል፤ ዛሬ ደግሞ ዝግ ነው አለችው። ከዚያ ሳቋን ተወችና አባቷ እዚያው ድልድይ ላይ በማዶ ሰዎች ጥይት እንደሞተ ነገረችው። እሷ ግን ዳቦው ማዶ ስለሚረክስ በየቀኑ ትሻገራለች።

«ለዳቦ ነው ጃንሆይ» አለ ሽበሺ፣ እጁን ዘርግቶ። «አባቷ በሞተበት ድልድይ ለዳቦ ትመላለሳለች። ዳቦው ደግሞ ተርፎ ለወፍ ይጣላል።»

ሸንጎው አፉን በእጁ ያዘ።

አለቃ ወልደ ሰንበት የሚባሉ ሊቅ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸውም ለትምህርት አውሮፓ ኖረዋል።

«ነጋዴው የገባው ሠርግ ቤት ነው» አሉ። «እኔ ለቅሶ ቤቱን አይቻለሁ።»

በዚያው አውሮፓ፣ ሰላም በተባለው ዘመን፣ በአንድ ተራራማ አገር ጎረቤት ጎረቤቱን ሲገድል፣ ኋላም በምሥራቅ በኩል መድፍ ከተማ ሲያፈርስ እንዳዩ ተናገሩ። ሀብቱም ቢሆን ለሁሉ አልደረሰም፤ ፋብሪካ ተዘግቶበት እጁን አጣምሮ የሚውለው ብዙ ነው አሉ። የሰው ልጅ የትም ያው ነውና ኬላው ይዘጋ ብለው ተቀመጡ።

ሽበሺ ውሸት ቢሆን በተሟገተ፤ እውነት ሆነበት እንጂ። ንጉሡ ወደ እሱ ዞሮ «አለቃ ዋሹ?» አለው። ከኋላው አንዱ «ዋሹ በልና የልጅ ልጅህን እይ» ብሎ ጎሸመው።

«አልዋሹም ጃንሆይ። እኔም አልዋሸሁም» አለ። ከዚያ ወደ ሊቁ ዞረ። «አለቃ፣ ያ ጎረቤት የተገዳደለበት መንደር፣ ከመገዳደሉ በፊት የቀረ ነገር ነበር?»

አለቃ ብዙ አሰቡ። መልሱ ወዴት እንደሚወስዳቸው ሳይገባቸው አልቀረም፤ ግን እውነተኛ ሰው ናቸው።

«መጀመሪያ ሠርግ መጠራራት ቀረ» አሉ። «ቀጥሎ ለቅሶ መደራረስ ቀረ። ጠመንጃው የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው።»

ንጉሡ ወደ ሸንጎው ዞሮ የሽበሺ ልጅ ስትወልድ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊላት የተሻገረ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ማን ተሻግሮ።

«እንግዲያስ እኛም ያንኑ መንገድ ጀምረነዋል» አለ ንጉሡ። «ኬላው ይከፈት። በየዓመቱ ወንዙ ሲጎድል ሁለታችሁም መሻገሪያው ላይ ቆማችሁ ያያችሁትን ንገሩ። ነጋዴው ሕዝቡን ያስጎምጀው፣ አለቃ ያስደንግጡት። የአንዳችሁ ብቻ ከተወራ ሰዉ ወይ ይዘናጋል፣ ወይ ተስፋ ይቆርጣል።»

ሽበሺ ግን «ይከፈት» ከሚለው ወዲያ አልሰማም። ወደ ወንዙ ሲሮጥ ሚስቱ አራስ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም እያለች የቅቤ ቅሏን ታቅፋ ከኋላው ትሮጣለች። እሷ ናት አሉ ቀድማው የተሻገረችው።

ወገኖቼ፣ ሰላም የሣር ክዳን ቤት ነው፤ በየጊዜው ካልከደኑት ያፈሳል። ያላፈሰበት ሰው ዝናብ የሚባል የለም ይላል። ያፈሰበት ደግሞ ደረቅ ቤት የሚባል የለም ይላል። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚያወሩት፤ ቤቱን የሚያቆመው ግን ጣራው ላይ የሚወጣው ነው። እናንተስ፣ ተኳርፋችሁ ደጁን መርገጥ የተዋችሁት ሰው ማን ነው?