ጥንቃቄ ስም ያገኘችበት ጉድጓድ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ድንጋይ ያኮርፍ፣ ነፋስ ይመክር፣ ጉድጓድም ያታልል በነበረበት ዘመን ነው። ያኔ «ፍርሃት» የሚባል ቃል ነበር፤ «ድፍረት»ም ነበር። «ጥንቃቄ» ግን ገና አልተወለደም።

በዚያ ዘመን እመት አይጢት የምትባል እናት ነበረች። ክረምቱ ገብቶ፣ እህሉ አልቆ፣ ልጆቿ በረሃብ ድምፃቸው ሰልሏል። እህል ፍለጋ ስትዞር ባለቤቱ ጥሎት ከሄደ አሮጌ የማሽላ ጉድጓድ ደረሰች። የክዳኑ ድንጋይ ሸርተት ብሏል።

«ነይ ግቢ፣ እመት አይጢት!» አለ ጉድጓዱ በለስላሳ ድምፅ። «ሆዴ ማሽላ ሞልቶታል። ብዪ፣ ለልጆችሽም ውሰጂ።»

አይጢት ምራቋን ዋጠች፤ ነገሩ ግን አልጣማትም። የማያውቃት ጉድጓድ ስሟን ከየት አመጣው? ደግሞስ ምን አስቸኮለው?

«ነቀዞች፣ እንዴት ዋላችሁ?» ብላ ወደ ውስጥ ተጣራች። ዝም። ነቀዝ እህል ላይ ተቀምጦ ዝም ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

«ተኝተው ነው» አለ ጉድጓዱ። «ነይ ግቢ።»

ይህን ጊዜ ጎረቤቷ አያ ፍልፈል መጣ። «ምን ገተረሽ?»

«ጠርጥሬ ነው፣ አያ ፍልፈል። ትንሽ እንቆይ።»

«አይ አንቺ ፈሪ! ጉድጓድ ውስጥ ተወልጄ፣ ጉድጓድ ውስጥ አርጅቼ፣ ጉድጓድ ልፈራ?» ብሎ ዘሎ ገባ።

«አያ ፍልፈል!» ብትል፣ «አያ ፍልፈል!» ብትል መልስ የለም።

«እሱም ተኛ» አለ ጉድጓዱ። «ነይ ግቢ።»

አይጢት አለቀሰች። ልትሸሽ ብላ ልጆቿ ትዝ አሏት። ሄዳ ፍም ለምና አመጣችና በገል አድርጋ በገመድ አወረደችው።

«ትንፋሽ አጠረኝ! አውጪኝ!» ብሎ ጮኸ ፍሙ። ስትስበው ጠቁሯል።

«ነፋስ ሆይ፣ እባክህ ቅደምልኝ» አለች። ነፋስ ገብቶ ጉድጓዱን ሲያገላብጠው ዋለ። ጉድጓዱ እያጉረመረመ የታመቀ ክፉ ትንፋሹን ተፋ። ሌላ ፍም ብታወርድ እንደቀላ ተመለሰ። ያኔ ገባች። አያ ፍልፈልን አውጥታ ቀበረችው፤ ማሽላውንም ለልጆቿ አደረሰች።

እንስሳት ተሰብስበው ተከራከሩ። «ፈሪ ናት እንዳንል አልሸሸችም። ደፋር ናት እንዳንል አልዘለለችም። ታዲያ ይህን ምን እንበለው?»

አኩርፎ የኖረው የክዳኑ ድንጋይ ተናገረ። «በዚህ በር ስንቱ ሲገባ አይቻለሁ። ጠይቃ የገባች እሷ ብቻ ናት። ጥንቃቄ በሉት።»

የአያ ፍልፈል ልጆች ይህን ቃል በሰሙ ቁጥር ያለቅሳሉ፤ አባታቸው የሞተው ቃሉ ሳይወለድ ነዋ! እናንተ ግን ቃሉ ከተወለደ በኋላ ተወልዳችሁ፣ ሳትጠይቁ ብትገቡ ምን ብላችሁ ታመካኛላችሁ?