ያልታሸገው መስመር

አዛን በቆርቆሮ ጣሪያዎች ላይ በሚያስተጋባባት አንዲት የጥንት ደጋ ከተማ፣ ሐጂ ጡሃ የሚባሉ ጣሪያ ሠሪ ነበሩ። የከተማዋ መድረሳ፣ የእስልምና ትምህርት ቤቱ፣ አዲስ የብረት አዳራሽ ቀን እንደ ምድጃ እየጋለ፣ ማለዳ ውሃ እያንጠባጠበ ቢያስቸግር ሐጂ ተጠሩ። ከቆርቆሮው ሥር ሙቀትና ብርድ የሚከለክል ጠንካራ የፎም ሰሌዳ ደርድረው፣ መጋጠሚያውን በሚጣበቅ ጥቅል ፕላስተር አሽገው፣ በኮርኒስ ሸፈኑት። ከተማው አመሰገናቸው፤ ምስጋና መቼም አይከብድም።

በምረቃው ማለዳ የመሣሪያ ሳጥናቸውን ቢከፍቱ፣ ለመጨረሻው መስመር የተዘጋጀው ፕላስተር እንደተጠቀለለ ተቀምጧል። ያን መስመር ሊያሽጉ ሲሉ የአስር፣ የከሰዓት በኋላው ሶላት፣ አዛን ወጥቶ፣ ራሳቸው «ውዱእ! ውዱእ!» እያሉ ሠራተኛውን ለሶላት እንዲታጠብ አስወርደው ነበር። ከሶላት መልስ አንዱ ሌላው ያሸገው መስሎት ኮርኒሱ ተገጠመ። ከዚያ መስመር ሥር ደግሞ የጥንት የእጅ ጽሑፍ ኪታቦች የሚገቡበት መደርደሪያ አለ። የሰው ትንፋሽ በክፍተቱ ወጥቶ ቀዝቃዛ ቆርቆሮ ሲነካ ውሃ ይሆናል፤ የሚወርደውም በአያቶች ቀለም ላይ ነው።

«የተሸፈነውን ማን ያየዋል?» አለ የእህታቸው ልጅ ሚስባሕ። «ሕዝብ ፊት ስምዎን አያጥፉ። በኋላ ቀስ ብለን እንጠግነዋለን።»

«እስከ በኋላ መኖሬን ማን ነገረህ?»

እንዲህ አሉ እንጂ ፈርተዋል። ዕድሜ ልካቸውን ያቆዩት ስም በአንድ ጠዋት ሊረግፍ ነው። ለምረቃው አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው እንኳ ዓይናቸው ከኮርኒሱ አልወርድ አለ።

የመድረሳው አስተማሪ ሸይኽ አንዋር ለዱዓ፣ ለምርቃት፣ እጃቸውን አነሡ። «ያ አላህ! አማናውን፣ አደራውን፣ የጠበቀውን ሐጂ ጡሃን ጠብቀው!»

ሕዝቡ «አሚን!» አለ። ሐጂ ግን «አሚን» ማለት አቃታቸው። ተነሡ።

«ሸይኻችን፣ ዱዓው ይቆየኝ። አንድ መስመር ሳላሽግ ሸፍኛለሁ። ኪታቦቹን አታስገቡ።»

ከኋላ አንዱ «እኛ እኮ አምነነው!» ብሎ አጉረመረመ፤ ሐጂ አንገታቸውን ደፉ። ኮርኒሱ ሲነቀል የሕዝቡ ትንፋሽ ከቆርቆሮው ሥር ጤዛ ሆኖ ተንጠልጥሏል። ሸይኹ አንዷን ጠብታ በመዳፋቸው ተቀበሉ።

«ዱዓው አሁን ነው የሚገባዎት» አሉ።

ሐጂም «ጣሪያው የተሸፈነው ከእኛ ነው፤ ከአላህ አይደለም» ብለው ፕላስተሩን ይዘው መሰላሉን ወጡ።

ወገኖቼ፣ ሰው በሚያየው በኩል ሁላችንም አሳማሪዎች ነን። ሐጂ «ለሶላት ቸኩዬ ነው» ቢሉ ማን ይወቅሳቸው ነበር? አላሉም፤ ሶላታቸውን የስሕተታቸው መሸፈኛ አላደረጉም። እኛም ሰው ሲመርቀን «አሚን» ከማለታችን በፊት፣ ቀና ብለን የገዛ ኮርኒሳችንን እንይ።