የጋሽ ዘውገ መኪና ብቻዋን የቆመች ቀን

ቆይ ሱራ፣ «መኪና በሪሞት ማቆም ሕጉ ይከለክላል» ነው ያልከኝ? የቱ ሕግ? አንተ አይተኸዋል? ዝም ብለህ ስማኝማ።

አንድ ቀን ጋሽ ዘውገ፣ ያ ሰፈራችን በኤሌክትሪክ መኪና ታክሲ የሚሠራው፣ ገርጂ ሰው አድርሶ ሊያቆም ፈለገ። ያለችው ቦታ በግንብና በአንድ አይሱዙ መሃል ናት፤ ድመት እንኳን በጎኗ ነው የምታልፍባት። የጋሽ ዘውገን ቦርጭ ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ከመኪና ሲወርድ ከሱ ቀድሞ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ቀድሞ ወረደ፣ ዳር ቆመ፣ ቁልፉ ላይ ያለችውን ሪሞት ጫን አደረገ፣ መኪናዋ ቀስ ብላ ራሷ ገባች። አይሱዙውን ንክች ሳታደርግ።

ትራፊኩ ከች አለ። ሰላምታ የለ ምን የለ፣ «መንጃ ፈቃድ» አለ። ተቀብሎ ደረት ኪሱ ከተተና ጥፋት መፈለግ ጀመረ። ቅደም ተከተሉ እንደዛ ነዋ፣ መጀመሪያ ካርዱ፣ ከዚያ ወንጀሉ። ያቺ ካርድ ከሄደች ለጋሽ ዘውገ ነገ ሥራ የለም።

«ምን አጠፋሁ ልጄ?»

«መኪናዋን ውጪ ሆነው አንቀሳቅሰዋል።»

«ውስጥ ሆኜ ባቆማትማ እዚያው ማደሬ ነው። በየት ልውጣ?»

«እሱ እኔን አይመለከተኝም።»

«በሪሞት ማቆም ክልክል ነው የሚል ሕግ አለ?»

«ስለ ሪሞት አይልም። ግን መሪ ያልያዘ ሰው ሹፌር አይባልም። እርስዎ መንገድ ዳር ነው የቆሙት።»

«ሹፌር አልነበርኩም በለኛ።»

«አልነበሩም።»

«እንደዛ ብለህ ትጽፋለህ?»

«እጽፋለሁ።»

ጋሽ ዘውገ እጁን ዘረጋ። «እንግዲያው ካርዴን ወዲህ በል። ወይ ደግሞ እዚያ ጋ ቆሎ የምትሸጠዋንም ሂድና መንጃ ፈቃድ አምጪ በላት፤ እሷም መንገድ ዳር ናት።»

መጀመሪያ የሳቀችው ባለ ቆሎዋ ናት። ትራፊኩ አለቃው ጋ ደወለ፤ አለቃው «ቆይ፣ አጣርቼ ልንገርህ» አለው። ትራፊኩም ካርዱን መለሰ።

ይኸው አለቃው አጣራለሁ ካለ ሁለት ወሩ። እናንተ ሕግ አውጪ ተብዬዎች፣ መኪናዋ አገር ስትገባ ቁልፏ ላይ ያለውን ሪሞት ያየ አንድ ሰው ከመሃላችሁ ጠፋ?