ለምላሴ የተጠየቀ ፈቃድ

አንድ ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ከምላሴ ጋር ስታገል የጤና ቢሮ ሰው ቤታችን መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ እንተባተባለሁ። ባጃጅ ውስጥ «እዚህ ጋ» ብዬ እስክጨርስ ቤታችን ያልፋል፤ ተመልሼ በእግሬ ነው የምመጣው። ስምንተኛ ክፍል ስገባ አዲሱ መምህር ስሜን ጠየቁኝ። ትርሲት ለማለት «ት... ት...» ስል ቸኩለው «ትዕግሥት» ብለው ጻፉ። ከማስተካከል መስማማት ይቀላል ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ፤ ዓመቱን ሙሉ ትዕግሥት ሆኜ ከረምኩ። ፈተናውን ለጥቂት ያለፍኩት እኔ ልሁን እሷ እስካሁን አላውቅም።

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ቢያንስ የራሴን ስም እንድናገር ብላ እማዬ የንግግር ሕክምና ባለሙያ አፈላልጋ አገኘችልኝ። ወይዘሪት መንበረ ትባላለች። የምትኖረው ሌላ ክልል ስለሆነ በየሳምንቱ በእማዬ ስልክ በቪዲዮ እንገናኛለን። ትምህርት ሊከፈት ሦስት ሳምንት ሲቀረው «ትር» ላይ ደርሼ ነበር። እማዬ ደስታዋን ለሰፈሩ ሁሉ ስታወራ ወሬው ጤና ቢሮ ገባ።

የመጡት ሰውዬ አቶ ዘርጋው ይባላሉ። ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ደንቡን አስረዱን። የባለሙያዋ ፈቃድ የሚሠራው በወጣበት ክልል ብቻ ነው፤ በስልክ ቢሆንም ሕክምናው የሚቆጠረው ታካሚዋ በተቀመጠችበት ቦታ ነው፤ እዚህ ደግሞ ፈቃድ የላትም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ይቆማል አሉ። እማዬ ብትለምናቸውም ደንብ ነው ከማለት አልወጡም። ከዚያ ወረቀት አውጥተው፣ ባለሙያዋ ምን ምን እንደምታደርግልኝ ጠየቁኝ።

«መ... መ... መጀመሪያ...» አልኩ።

«ቀስ በይ፣ ልጄ።»

ቀስ አልኩ፤ ባሰብኝ። ትከሻሽን ልቀቂው አሉኝ፤ ለቀቅሁት። በአፍንጫሽ አየር ሳቢና ስታስወጪ ቃሉን አብረሽ ልቀቂው ብለው፣ ራሳቸው እየተነፈሱ አሳዩኝ። «መጀመሪያ ት... ት...» ስል «ትምህርት» ብለው ጨረሱልኝና ጻፉት። እኔ ትንፋሽ ልል ነበር።

«አየሽ፣ እየተሻለሽ ነው» አሉ፣ ደስ ብሏቸው።

እውነትም ተሽሎኝ ነበር። አየር ሳብኩና በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ ረጅሙን ነገር ተናገርኩ።

«ጋሼ፣ እሷም የምታደርግልኝ ይ... ይሄንኑ ነው። እርስዎ ግን የ... የየትኛው ክልል ፈቃድ አለዎት?»

እማዬ መሬት መሬቱን አየች። አቶ ዘርጋው ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ከዚያ የጻፉትን ሰረዙና፣ ባለሙያዋ በአንድ ወር ውስጥ ለክልላችን ፈቃድ እንድታመለክት፣ እስኪወሰንም ሕክምናው እንዲቀጥል ብለው ፈረሙ።

ላመሰግናቸው «አ... አ...» ብዬ ጀመርኩ። ሊጨርሱልኝ አፋቸውን ከፈቱና ትዝ ሲላቸው በመዳፋቸው ሸፍነው ጠበቁኝ። «አመሰግናለሁ» ብዬ ስጨርስ፣ ትንፋሽ ያጠራቸው እሳቸው ነበሩ።