ጳጉሜ ስድስትን ያገኘው አውራ ዶሮ

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ «እሺ፣ ቀጥል!» በሉኝ። ዝም ካላችሁ ዶሮው ይታረዳል፣ ኋላ እኔን እንዳታሙኝ።

ድሮ፣ ወራት በእግራቸው በየደጁ በሚያልፉበት ዘመን፣ እትዬ ዘነቡ የሚባሉ ሴት ነበሩ። አንድ ገብስማ አውራ ዶሮ ነበራቸው። ደረቱ የተነፋ፣ አረማመዱ የደጃዝማች። እንቅልፉ ግን አያድርስ ነው! ሌሎቹ ዶሮዎች ጎህ ሲቀድ ይጮኻሉ፤ እሱ ፀሐይ ጀርባውን ካልጠበሰችው አይነቃም።

ሚስቱ ዶሮ፣ «ኧረ ተነሥና ጩኽ! ሸለምጥማጥ ጫጩቶቼን ጨረሳቸው» ትለዋለች።

«ከመስከረም ጀምሮ» ይላታል።

በግንቦት ነገረችው። «ከመስከረም ጀምሮ።»

በሐምሌ ነገረችው። «አሁን ይበርዳል። ከመስከረም ጀምሮ፣ ያውም ከአንደኛው ቀን!»

ነሐሴ ሲያልቅ እትዬ ዘነቡ ሽንኩርት ገዝተው ገቡ። ይኼን ጊዜ መደርደሪያው ላይ የተኛው ቢላዋ ሳቀ።

«ምን ያስቅሃል?» አለው ዶሮው።

«ለመስከረም ያቀድከው ብዛቱ! የእኔና የአንተ ቀጠሮ ግን ለዋዜማው ነው። ጳጉሜ አምስት፣ ጠዋት።»

ዶሮው ሮጦ መንገዱ ላይ ቆመ። ነሐሴ ጋቢው እንደረጠበ እያዘገመ ሲያልፍ አገኘው።

«ጋሼ ነሐሴ፣ በሞቴ አንድ ቀን ይጨምሩልኝ!»

«ሠላሳ ሰጥቼህ አልነበር? ምን ሠራህባቸው?»

«ተኛሁባቸው።»

ነሐሴ ራሱን ነቅንቆ አለፈ። ዶሮው ወደ ማዶ ጋራ ተጣራ። መስከረም አደይ አበባ ራሷ ላይ እየሰካች ነበር።

«መስከረምዬ፣ ዘንድሮ እንኳ ቀደም ብለሽ ነይልኝ!»

«ወይ አንተ! ከቀኔ ቀድሜ መጥቼ አላውቅም» አለችና አበባዋን መስካቷን ቀጠለች።

በመጨረሻ ጳጉሜ መጣች። ከማነሷ የተነሣ ሊረግጣት ምንም አልቀረው።

«አንቺን ደግሞ ምን ብዬ ልለምንሽ? ያለሽ አምስት ቀን!»

«ዘንድሮ ዘመኑ የማን ነው?»

«የሉቃስ።»

«እንግዲያ በሉቃስ ቀኔ ስድስት ነዋ! ስድስተኛዋን ሰው ሁሉ ይረሳታል። አንተ ግን ብታገኛት ምን ታደርግባታለህ?»

ዶሮው «ከመስከረም…» ሊል አፉን ከፈተ። አፈረና መልሶ ዘጋው።

ጳጉሜ አምስት ጠዋት እትዬ ዘነቡ እግሩን ጠፍረው ጎረቤታቸውን አያ ደባስን ጠሩ። «ይባርኩልኝ» አሏቸው። አያ ደባስ ቢላዋውን ሞርደው፣ ዶሮውን አጋድመው፣ «በስመ አብ» ብለው… ቆም አሉ።

«ዘነቡ፣ ዘንድሮ ሉቃስ አይደል እንዴ?»

«ሉቃስ ነው።»

«ታዲያ ጳጉሜ ስድስት ናት! ዋዜማው ነገ ነው።»

«ወይ ጉዴ!» አሉና ፈቱት።

«ግድ የለም፣ ነገ እንገናኛለን» አለ ቢላዋው።

ዶሮው ወደ ጫካ ሊሮጥ ይችል ነበር። ሚስቱም «ሂድ፣ አምልጥ» ብላ አልቅሳ ለመነችው። እሱ ግን ጫጩቶቹን አያቸውና አንጀቱ አልቻለም። ቆጥ ላይ ወጥቶ ዓይኑን አፍጥጦ ተቀመጠ።

በስድስተኛው ቀን፣ ጎህ ሊቀድ ሲል፣ ሸለምጥማጥ በአጥሩ ሥር ሾልኮ ገባ። አንዷን ጫጩት በክንፏ ያዛት። ዶሮው ጮኸ! ድምፁ ከርሞ ከርሞ ዝጓል፤ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ አለ። ቢሆንም መንደሩ በሙሉ ብድግ አለ። እትዬ ዘነቡ ዱላ ይዘው ሲወጡ ሸለምጥማጡ ጫጩቷን ጥሎ እግሬ አውጪኝ አለ።

«ማነው የጮኸው?» አሉ እትዬ ዘነቡ። «አንተ ነህ? አንተ?»

«ቀጠሯችንስ?» አለ ቢላዋው ከውስጥ።

«ዝም በል! ይኼን አርጄ ጫጩቶቼን ማን ይጠብቅልኛል?»

ቢላዋው የዓመት በዓሉን ዋዜማ ሽንኩርት ብቻ ሲከትፍ ዋለ። እያለቀሰም ጭምር።

በማግስቱ መስከረም አበባዋን ደፍታ ከተፍ ስትል ዶሮው ከሁሉም ቀድሞ ጮኸ። ጎረቤት ያሉት ዶሮዎች ተገረሙ።

«እንኳን አደረሰህ! አዲስ ዓመት ብለህ ዛሬ ጀመርክ?» አሉት።

«እንኳን አብሮ አደረሰን» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ዛሬማ ሁለተኛ ቀኔ ነው።»

እናንተም መስከረምን በተስፋ ጠብቁ፤ ግን ተኝታችሁ አይሁን። ለመስከረም ያሰባችሁትን በጳጉሜ ጀምሩት።