ሽልሜና ዳቦ የያዘው እጅ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ። የዛሬው በረት የአውሬ በረት ነው፣ ያውም በከተማ መሀል። ደስ የሚል ተረትም አይደለም። ማልቀስ የማይወድ ካለ አሁኑኑ ወጥቶ ይጫወት።

ድሮ ድሮ፣ አንድ ትልቅ ከተማ ውስጥ የአራዊት ግቢ ነበር። የግቢው ሰዎች ደጎች ነበሩ፤ ይህን ልካድ ብል እግዜር ይታዘበኛል። የሚጥሉት ነገር አልነበራቸውም። የጎሹ እበት ለአትክልቱ ማዳበሪያ፣ የጣራው የዝናብ ውሃ ለጉማሬው ገንዳ፣ ከገበያ የተረፈው ጎመን ለጦጣዎቹ ይውል ነበር። ደን ውስጥ ዘሩ ሊያልቅ የደረሰውን አውሬ ደግሞ አምጥተው፣ ተንከባክበው አዋልደው፣ ልጁን ወደ ደኑ ይመልሱ ነበር።

በዚህ ግቢ አንዲት ድኩላ ትኖር ነበር። እግሯ ላይ የወጥመድ ጠባሳ አለ። ከአዳኝ ወጥመድ ውስጥ ነው ያወጧት፤ ከዚያ ወዲህ የሰው ኮቴ በሰማች ቁጥር ትንቀጠቀጣለች። ይህች ድኩላ ሽልምልም ያለች ሴት ግልገል ወለደች። ጠባቂዎቹ ተጠራርተው መጡና፣ «ይህቺስ ስታድግ ወደ ደኗ ትመለሳለች። እዚያ የድኩላ ዘር ሊጠፋ ነው» ተባባሉ።

እናት ይህን ሰማች። ደስ አላት፤ ፈራችም። «ልጄ ደን ልትገባ ነው። በሩ ሳይከፈት አንድ ነገር ላስተምራት ይገባል፤ ሰውን መፍራት» አለች።

ግቢው ግን ሌላም አስተማሪ ነበረው። ወይዘሪት የሺመቤት ትባላለች። ሥራዋ ተማሪዎችን እያስከተለች ስለ አውሬ ማስተማር ነው። «ልጆች፣ ሰው የሚጠብቀው የሚወደውን ነው። ኑ፣ ቅረቡ፣ ዳቧችሁን አካፍሏት» እያለች ድኩላዎቹ ጋ ታስገባቸዋለች። ልጆቹም ግልገሏን ሽልሜ አሏት። «ሽልሜ! ሽልሜ!» ሲሏት እየሮጠች መጥታ ዳቦውን ከእጃቸው ትበላለች። ልጆቹ አውሬ መውደድ ተማሩ። ሽልሜም ሰው መውደድ ተማረች። የልጆቹን ትምህርት ሁሉም አየ፤ የሽልሜን ያየች እናቷ ብቻ ነበረች።

እናት ወደ አጥሩ ሄደች።

«አንተ አጥር፣ እባክህ ልጄን ከሰው ለይልኝ» አለችው።

«እኔ ሽቦ ነኝ፣ እመቤቴ» አለ አጥር። «የምከለክለው ገላን ነው፤ የዳቦ ሽታ በመሀሌ ያልፋል። ደግሞስ በሩን የሚከፍቱት እነሱ አይደሉ?»

ወደ ሰሌዳው ሄደች።

«አንተ ሰሌዳ፣ ‹አውሬውን አትመግቡ› የሚል ተጽፎብሃል አሉ። እስቲ ጮኽ በልልኝ» አለችው።

«በምን ጉሮሮዬ?» አለ ሰሌዳ። «የጻፉብኝ እነሱ፣ እኔን ተደግፈው ዳቦ የሚቆርሱትም እነሱ። ቀለሜ ሲለቅ ያድሱኛል፤ ማንበቡን ግን ትተውታል።»

ወደ ልጇ ሄደች።

«ልጄ፣ የሰው ኮቴ ስትሰሚ ሩጪ።»

«እሮጣለሁ እማ፤ ወደ እነሱ።»

«ይህን ጠባሳ አየሽው? የሠራው የሰው እጅ ነው።»

«እኔ የማውቀው እጅ ዳቦ ነው የያዘው። አንቺ ዝም ብለሽ ትፈሪያለሽ።»

እናት አንጀቷ አረረ። በማግሥቱ ልጆቹ ገቡ፣ ሽልሜም ወደ ዳቦው ሮጠች። ይኼኔ እናት ከኋላ ደርሳ ልጇን በግንባሯ መታቻት። ሴት ድኩላ ቀንድ የላትም፤ ያላት ግንባር ብቻ ነው። ግልገሏ ወደቀች፣ ልጆቹ ጮኹ፣ ዳቦው ተበተነ። የሺመቤት ሽልሜን ብድግ አድርጋ አቀፈቻት።

«ይቺ እናት ጨካኝ ናት፤ ልትገድላት ነው!» አለች።

እናትን ወስደው ሌላ አጥር ውስጥ ዘጉባት። ግልገሏም ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰው ብቻ ተማሪ ሆነች። ምንም የማይጥሉት እነዚያ ሰዎች አንድ ነገር ጣሉ፤ ፍርሃትን ጣሉ።

ዝናብ ዘነበ፣ ዝናብ አባራ፣ ሽልሜ አደገች። በመኪና ጭነው ወደ ደኑ ወሰዷት። ልጆቹ እየዘፈኑ ሸኟት። እናቷ በአጥሯ ውስጥ ቆማ መኪናው እስኪርቅ ድረስ ጮኸች፤ ማን ሰምቷት!

አንድ ቀን ደኑ ውስጥ የሰው ኮቴ ተሰማ። ጅግራዎች «ሰው! ሰው!» ብለው በረሩ። ሽልሜ ቆማ ጆሮዋን አቀናች።

ሰውየውን ሳል ያዘው። ጉሬዛዎች «ሰው! ሰው!» እያሉ ከዛፍ ዛፍ ዘለሉ። ሽልሜ ጭራዋን ቆላች።

ሰውየው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ስንቁን ፈታ፤ የዳቦ ሽታ መጣ። የደኑ ድኩላዎች «አንቺ ልጅ፣ ሩጪ!» ብለው ጥሻ ውስጥ ገቡ። ሽልሜም ሮጠች፤ ወደ እሱ።

ሰውየው አዳኝ ነበር። ዓይኑን ማመን አቃተው። «አንቺ፣ ምን ነካሽ?» አላት። በአንድ እጁ ዳቦ ዘረጋላት። ስለ ሌላኛው እጁ ግን ከእናቷ በቀር ማንም አላስተማራትም ነበር።

ወሬውን ነፋስ ይዞት ወደ ከተማ መጣ። እናት ድኩላ ጋ ሲደርስ ግን መናገር ከበደው።

«ሮጠች?» አለችው።

«ሮጠች።»

«ወዴት?»

ነፋስ ሽቦውን አወዛውዞ አለፈ። እሷም ደግማ አልጠየቀችም።

ሊያዩዋት የሄዱ ጠባቂዎችም ቆዳዋን ይዘው ተመለሱ። የሺመቤት በነጠብጣቧ አወቀቻት። «ዳቦ ከሰው እጅ መብላት ያስተማርኳት እኔ ነኝ» ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ያን ቀን የሚያባብላት አልተገኘም።

ክረምት አልፎ፣ ወደ ድኩላዎቹ የተመለሰችው እናት ድኩላ ዳግመኛ ወለደች። ተማሪዎቹ ዳቧቸውን ይዘው መጡ። የሺመቤት በሩን አልከፈተችም። «ዛሬ ከውጭ ሆነን ነው የምናየው። ዳቦውን ኪሳችሁ ክተቱት» አለቻቸው።

ግልገሉ ግን ራሱ መጣ። አፍንጫውን በሽቦው መሀል አሾልኮ እጇን አሸተተ። ልትዳብሰው ጣቶቿን ዘረጋች። ከዚያ ሰበሰበቻቸውና እጆቿን አጋጭታ «ሂድ! ጥፋ ከዚህ!» ብላ ጮኸችበት። ግልገሉ ደንግጦ ሮጠና እናቱ ሆድ ሥር ተወሸቀ።

አንዲት ተማሪ፣ «እትዬ የሺ፣ አይወዱትም እንዴ?» አለቻት።

«እወደዋለሁ» አለች የሺመቤት። እንባዋ ይወርድ ነበር።

እናት ድኩላ ከወዲያ ቆማ አየቻት። አልቀረበቻትም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን አልተንቀጠቀጠችም።

ከዚያ ወዲያ የሺመቤትን ያየ ግልገል ሁሉ ይሸሻታል። በሸሻት ቁጥር ያማታል፤ ግን ዳግመኛ ሲቀርብ ዳግመኛ ታጨበጭባለች።

እንግዲህ ልጆቼ፣ የምንወደው እንዲኖርልን አንዳንዴ እኛኑ ሊፈራን ይገባል። ከባድ ነው፤ እኔም ቀላል ነው አልላችሁም። ተረቴን መልሱ። አፌን በዳቦ አብሱ ግን አልልም፤ የዛሬው ዳቦ ኪሳችሁ ውስጥ ይቆይ።