ምድጃ የሌለው ፍም አመላላሽ

አንድ ብርዳማ አገር ነበረ። ሰዎቹ እህል አላጡም፤ ጎተራቸው ሙሉ ነው። የቸገራቸው እሳት ነው። እሳት የሚገኘው ነፋስ ከማይለየው ተራራ አናት ላይ ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ የመጣ አንድ ፍም አንድ ድስት አብስሎ ይከስማል። ከጎረቤት እሳት መጫር የሚባል ነገር አይታወቅም። ስለዚህ ፍም አመላላሾች ነበሩ። ፍሙን በገል ይዘው ከተራራው ይወርዳሉ፣ በየቤቱ ያድላሉ፣ የትናንቱን አመድ ተሸክመው ይመለሳሉ። አመዱን ለነፋሱ ሰጥተው አዲስ ፍም ይዘው እንደገና ይወርዳሉ።

ለዚህ ሥራ የሚመረጥ ሰው አስቀድሞ የራሱን ምድጃ በገዛ እጁ ማፍረስ ነበረበት። ምድጃ ያለው ሰው ፍሙን ከራሱ ደጅ አያሳልፍም ብለው ነው። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ብሆን አላሳልፍም።

ከአመላላሾቹ አንዱ ይርሳው ይባላል። ምድጃውን ያፈረሰ ቀን አላለቀሰም። ናፍቆቱ የመጣው በኋላ ነው። በር ያንኳኳል፣ ፍሙን ይቀበሉታል፣ ብርድ እንዳይገባ ቶሎ ይዘጉበታል። እሱ ውጭ ቆሞ ድስቱ መንተክተክ ሲጀምር ይሰማል። የሚመኘው ትልቅ ነገር አልነበረም። አንድ ጊዜ ብቻ እሳት ዳር ተቀምጦ፣ እሳቱ አመድ እስኪሆን መሞቅ። የስንቱን ቤት እያሞቀ ይህችን አንዲት ነገር አጥቶ ሆዱ ይባባ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ፍም ቀርቶት፣ ከሰው ትከሻ በማትሰፋው የመጨረሻዋ ጠባብ መንገድ ገባ። እትዬ የሻረግ የሚሏት ባልቴት የራሷን ፍም ተቀብላ ምድጃዋ ውስጥ አኖረች። በሩን ግን አልዘጋችም።

“ግባ እንጂ፣ ምን ይገትርሃል?” አለችው።

“እኔን ነው እትዬ? ግባ ተብዬ አላውቅም።”

“ይኸው ግባ አልኩህ። ቁጭ በል።”

ተቀመጠ። እጁን ወደ እሳቱ ዘረጋ። ጣቶቹ መፍታታት ሲጀምሩ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ዝቅ ብሎ ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠውን ገል ሲያይ ግን፣ የቀረችው ፍም ዳር ዳሯ ነጥቷል።

“የማን ናት?” አለች እትዬ የሻረግ።

“የወዲያኛው ቤት። ወልዳ የተኛች አለች፤ እስካሁን አጥሚት እንኳ አልቀመሰችም።”

“ትንሽ ቆይ፤ እጅህ በወጉ አልሞቀም እኮ።”

“እኔ ብቆይ ይቺ አትቆይም፣ እትዬ።”

ተነሳ። በዕድሜው እንደዚያ የከበደው መነሳት አልነበረም። ፍሟን እፍ እያለ ሮጠ። የአራሷ እናት በሩን ከፍታ ተቀበለችው፤ የትናንቱን አመድ አስታቀፈችውና ዘጋች። ይርሳው ጀርባውን ግድግዳው ላይ አሳርፎ ቆመ። ከውስጥ ሕፃኑ ሲያለቅስ፣ ቆይቶም ዝም ሲል ሰማ። ጥቂት ሲቆይ ግድግዳው ለብ አለ። ያችኑ ሞቆ ወደ ተራራው አቀና።

ወዳጄ፣ ይህ አገር ሩቅ አይደለም። በደምህ ውስጥ ያሉት ቀይ ሕዋሳት ሥራቸው ይኸው ነው። ከሳንባህ ኦክስጅን ይጭናሉ፣ በቀጫጭን የደም ሥሮች ተሹለክልከው በየሕዋሱ ደጅ ያደርሳሉ፣ የተቃጠለውን አየር ይዘው ይመለሳሉ። የተቀበላቸው ሕዋስ በዚያ ኦክስጅን ምግቡን አንድዶ ጉልበት ያገኛል። እነሱ ከጫኑት ለራሳቸው አይነኩም፤ የሚያነድዱበት ምድጃ የላቸውም። አራት ወር ያህል ተመላልሰው ያልቃሉ።

ሕዋሱስ ናፍቆት አያውቅ ይሆናል። ሰው ግን ያውቃል። ቤታችንን የሚያሞቅልን ሰው ከእኛ ጋር መቀመጥ ይመኛል፤ አይጠይቀንም፣ ጊዜም የለው። እኛም ብርዱን ፈርተን መዝጋት ለምዶብናል።

እስቲ አስበው፦ ዛሬ ፍምህን ተቀብለህ በሩን የዘጋህበት ማን ነው?